የገራፊው ስም አይደለም

ለንስሐ አባቴ የተናዘዝኩትን እዚህም ልጻፈው፤ ውሸቴ ከእኔ አልፎ ሰው ዘንድ ደርሷልና።

ገና ልጅ ሳለሁ መካነ ሰላም አጠገብ ባለች ደብር ዲያቆን ነበርኩ። የስቅለት ዕለት ስግደቱ አልቆ፣ ካህናቱም በወይራ ቅጠል ጥብጣቡን ከሰጡ በኋላ አያቴ ወገቧን ይዛ፣ «ልጄ፣ ይሄ ኪራላይሶን የምንለው ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «አላውቅም» ማለት አሳፈረኝ። «ጌታን የገረፈው ጭፍራ ስም ነው» አልኳት።

በዓመቱ ሕዝቡ «ኪራላይሶን» እያለ ሲወድቅ ሲነሣ አየኋት። ትሰግዳለች፤ ከንፈሯ ግን ግጥም ብሏል። ለካ «የዚያን ጨካኝ ስም በአፌ አልጠራም» ብላ ለማኅበርተኞቿም ነግራቸው ኖሯል። ያኔ እንኳ «ዋሽቼሽ ነው» ብላት ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ።

ትርጉሙን የሰማሁት ከአገሬ ከወጣሁ በኋላ፣ ግብረ ሕማማት ከሚያስተምሩ መምህር ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ኪርዬ» ጌታ ሆይ፣ «ኤሌይሶን» ማረን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ከኢያሪኮ መውጫ መንገድ ዳር የተቀመጡት ሁለቱ ዕውሮች የጮኹት በዚሁ ቃል ነው። ጳጳሶቻችን ለብዙ ዘመን ከእስክንድርያ ይመጡ ስለነበር የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ግሪክና ቅብጥ ከስቅለት ጸሎታችን ጋር ተዋህዶ ቀርቷል። «ታኦስ ናይናን» ስንል ታኦስ በግሪክ አምላክ፣ ናይናን በቅብጥ ማረን ነው። «አምንስቲቲ ሙኪርያ አንቲ ፋሲልያሱ» የምንለውም፣ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ «በመንግሥትህ አስበኝ» ያለበት ልመና ነው።

መምህሩ ይህን ሲያስረዱ እኔ የማስበው የአያቴን መቁጠሪያ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች፤ ይህንንም ቀርታ አታውቅም። ኪራላይሶን ያው የእሷው ልመና ነው። «አላውቅም፤ መሪጌታን ጠይቄ እነግርሻለሁ» ብላት ኖሮ በዚያው ሳምንት ታውቀው ነበር። ክብሬን ለማዳን ብዬ ምሕረት የምትለምንበትን ቃል ከአፏ ነጠቅኳት፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ በምትጠብቃት፣ ጉልበቷ እየተብረከረከ በምትሰግድባት ዕለት። እውነቱን ሳውቅ እሷ አርፋ ነበር።

ከማኅበርተኞቿ በሕይወት ያሉ አሉ። ዘንድሮ ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ ሄጄ፣ በየቤታቸው እየገባሁ የቃሉን ትርጉም እነግራቸዋለሁ። የዋሸው ማን እንደሆነም ጭምር።