ተጋጣሚን ስለ መመዘን
(ከስዌይሃን የተላከ)

ተጋጣሚን በትክክል መመዘን ከግጥሚያው በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። በአሜሪካ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች እንደምታውቁት፣ ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ ከወሳኝ ግጥሚያ በፊት ክርክሩ የሚያርፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ይኸውም ጨዋታውን በሚጀምረው የተቃራኒው ቡድን ኳስ ወርዋሪ ላይ። ምን ዓይነት ኳስ ይወረውራል? ሲጨንቀው ወደ የትኛው ይመለሳል? ስንት ከወረወረ በኋላ ክንዱ ይዝላል? እያሉ ይመረምሩታል። እኛ በእግር ኳስ ያደግን ስለሆንን ይህን ምርመራ የምናውቀው በበረኛ ላይ ነው።

በአቡ ዳቢና በአል ዐይን መካከል የምትገኘው ስዌይሃን በአሸዋ የተከበበች፣ በግመል እሽቅድምድም የታወቀች፣ በበጋ ሙቀቷ ከ50 ዲግሪ የሚያልፍ ትንሽ ከተማ ናት። በሥራም በትምህርትም ምክንያት እዚህ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ሁለት ምሽት ተሰብስበን አንድ በረኛ መዘንን። ሰውየው የሳዑዲው አል ሂላል በረኛ፣ ሞሮኳዊው ያሲን ቡኑ፣ በቅጽል ስሙ ቦኖ ነበር። ቡድኑ ለእስያ ሻምፒዮኖች ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ወደ አል ዐይን ይመጣ ነበር። እኛም ለጎረቤታችን ለአል ዐይን ክለብ ነበር የምንደግፈው።

አንዱ ወጣት ወንድማችን ገና ቡናው ሳይፈላ ፍርዱን ሰጠ። «ይህ በ2022 በዓለም ዋንጫ የስፔንን ፍጹም ቅጣት ምቶች ያዳነ፣ በሴቪያ ሳለ የስፔን ሊግ ምርጥ በረኛ የተባለ ሰው ነው። ቡድኑም 34 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። ምን እንመዝነዋለን? ሳንጀምር አልቆልናል» አለ። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፣ «እሱም እንደ እኛው ሰው ነው፤ ዝም ብሎ መምታት ነው» ብሎ አጣጣለው። እንደምታዩት ሁለቱም ሰውየውን አልመዘኑትም። የመጀመሪያው ለስሙ ሰገደ፤ ሁለተኛው ስሙን ናቀ።

ነገሩን ያቀናው ለብዙ ዓመታት በግመል በረት የሠሩት ጋሼ ናቸው። «ልጆች፣ ስም አይሮጥም» አሉ። «እኔ ግመል ሳይ እግሩን፣ አተነፋፈሱን፣ መጨረሻው ላይ አንገቱን እንዴት እንደሚይዝ አያለሁ። ያሸነፈበትን ቀን አልጠይቅም። የተሸነፈ ዕለት ምን ሆኖ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተስ በዚህ ሰው ላይ የገቡበትን ጎሎች አይታችኋል?»

ከዚህ በኋላ ክርክራችን መልክ ያዘ። በዓለም ዋንጫው ሞሮኮ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ በቦኖ ላይ የገባው አንድ ጎል ብቻ ነበር፤ እርሱም ከካናዳ ጋር ሲጫወቱ የገዛ ተከላካዩ ያስገባው ነው። ያኔ ተከላካዮቹ ወደ ኋላ ተሰብስበው ከፊቱ ይቆሙ ነበር። አል ሂላል ግን ተከላካዮቹን ወደ መሐል ሜዳ አስጠግቶ የሚጫወት ቡድን ነው። ስለዚህ ከጀርባቸው ሰፊ ሜዳ ይቀራል፤ በረኛውም ከሯጭ አጥቂ ጋር ብቻውን ይፋጠጣል። በረኛን መመዘን ማለት እጁን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ግድግዳም መመዘን መሆኑን ተረዳን። ፈጣን ሰው ደግሞ አል ዐይን ነበረው፤ እርሱም የቦኖ የአገር ልጅ ሱፍያን ራሂሚ ነው። ሁለቱም በካዛብላንካ ባላንጣ ክለቦች ያደጉ ናቸው፤ ቦኖ በዊዳድ፣ ራሂሚ በራጃ።

በዚሁ መካከል የራሳችን ቁስል ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ብሔራዊ ቡድናችን በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር ሲጋጠም፣ በበሩ ላይ የቆመው ቪንሰንት ኢንያማ ነበር። በዚያው ወራት በፈረንሳዩ ክለብ በሊል ከ1,000 ደቂቃ በላይ ጎል ሳይገባበት የቆየ በረኛ ነው። ሆኖም ኦክቶበር 13 ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም በኃይሉ አሰፋ ጎል አገባበት። የጨዋታው ውጤት 2 ለ 1 ሆኖ የተሸነፍነው ኤማኑኤል ኤሜኒኬ ባገባቸው ሁለት ጎሎች ነው፤ በካላባርም 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የሰማነው ግን «ዕድላችን ነው» የሚል ነበር። ዕድል የሚለው ቃል ምርመራን ይዘጋል። የኢንያማ በር መከፈት እንደሚችል በኃይሉ ካሳየ፣ መጠየቅ የነበረበት የእኛ በር የተከፈተው እንዴት ነው የሚለው ነበር።

በማግሥቱ ኤፕሪል 16 ታይቶ የማይታወቅ ዝናብ ወረደ። በአል ዐይን አካባቢ ኸትም አሽ ሸክላ በሚባለው ስፍራ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ከ254 ሚሊ ሜትር በላይ ተለካ። ጨዋታው በአንድ ቀን ተላለፈ፤ እኛም ሁለተኛ ምሽት አገኘን።

ኤፕሪል 17 በሐዛ ቢን ዛይድ ስታዲየም ራሂሚ ከዕረፍት በፊት ብቻ ሦስት ጎል አገባ። አል ዐይን 4 ለ 2 አሸንፎ የአል ሂላልን የ34 ድል ጉዞ ገታ። ሪያድ ላይ 2 ለ 1 ቢሸነፍም በድምሩ 5 ለ 4 አለፈ፤ ሜይ 25 ቀንም የጃፓኑን ዮኮሃማ 5 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ድሉ የአሠልጣኙ የኸርናን ክሬስፖና የተጫዋቾቹ እንጂ የእኛ የቡና ላይ ክርክር ውጤት አይደለም። ለእኛ የቀረልን ሌላ ነገር ነው።

ያ «አልቆልናል» ያለው ወንድማችን ቀን በሰው ቤት እየሠራ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚሆን የእንግሊዝኛ ፈተና ይዘጋጅ ነበር። አንድ ጊዜ ወድቆ «ይህ ፈተና ለእኛ ዓይነቱ አልተሠራም» ይል ነበር። በሁለተኛው ምሽት ጋሼ ወደ እርሱ ዞረው፣ «የወደቅኸው በየትኛው ነው?» አሉት። የውጤት ወረቀቱን አምጥቶ አብረን አየነው። በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር የሚፈለገውን አግኝቷል፤ የጎደለው በጽሑፍ ብቻ ነበር። አራት ፈተና መስሎ ያስፈራው አንድ ፈተና ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አንድ ገጽ እየጻፈ ያመጣ ነበር፤ እኛም በተራ እናርም ነበር። በዚያው ዓመት ተፈትኖ አለፈ። የትምህርት ክፍያው ግን ሌላ ተጋጣሚ ሆኖ ቆሞበታል፤ እየሠራ ያጠራቅማል።

በባዕድ አገር ለምንማር ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ የፕሮፌሰሩ ማዕረግ፣ የፈተናው ዝና ከፊታችን እንደ ትልቅ በረኛ ይቆማል። ስንሰግድለትም ስንንቀውም አናየውም። ስለዚህ ከየክፍላችሁ ማስታወሻና የቆዩ የፈተና ጥያቄዎች ያላችሁ አንባብያን ለሚከተሏችሁ አካፍሉ። የት እንደ ከበዳችሁም አብራችሁ ጻፉ፤ ለቀጣዩ ተፈታኝ ከውጤታችሁ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነውና።