ፎቶው ያልነገረን የስትራስቡርግ ገና

እስቲ ልጠይቃችሁ። ውጪ አገር ዘመድ ያላችሁ፣ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን የሚላክላችሁን ፎቶ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ትልቅ ጥድ፣ መብራት፣ ወፍራም ካፖርት፣ ፈገግታ። “ይሄ ነው ኑሮ ማለት!” ይባላል። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል… ጫማ፣ ሞባይል፣ የበግ መግዣ።

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ እንዲህ ያለ ፎቶ ነው። ታላቅ እህቴ ፈረንሳይ ውስጥ ስትራስቡርግ በምትባል ከተማ መኖር ከጀመረች አሥር ዓመት አልፏታል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ልጠይቃት ሄድኩ። የትኬቱን ግማሽ እሷ ቻለች፣ ግማሹን እኔ ዕቁብ ሲደርሰኝ ከፈልኩ። ዘመድ አዝማድ ደሞ አንድ ገጽ ሙሉ የዕቃ ዝርዝር ጽፎ አስያዘኝ።

ከፓሪስ ስትራስቡርግ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ምን አለፋችሁ፣ ከተማዋ ጉድ ናት! አሮጌው ክፍል ኢል የሚባል ወንዝ የከበበው ደሴት ስለሆነ የምትገቡት በድልድይ ነው። ቤቶቹ ጣሪያቸው የሾለ፣ የእንጨት ማገራቸው ከውጪ የሚታይ፣ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። ዩኔስኮ በ1988 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። መሀሉ ላይ ቀላ ባለ ድንጋይ የተሠራው ካቴድራል ተገትሯል። ቁመቱ 142 ሜትር ነው። ከ1647 እስከ 1874 እ.ኤ.አ. ድረስ በዓለም ላይ ከእሱ የሚረዝም ሕንፃ አልነበረም። ጫፉን ለማየት አንገቴ ሊቆለመም ምንም አልቀረው።

ገበያው ታዲያ አንድ ቦታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወደ 300 የሚጠጉ ትናንሽ የእንጨት ሱቆች በየአደባባዩ ተበትነዋል። ክሌበር በሚባለው አደባባይ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥድ ከነመብራቱ ይቆማል። የሻማ፣ የቀረፋና የቅርንፉድ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው በየዓመቱ ይጎርፋል። የእኛን የበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያን አስቡት… በጉና ዶሮው ሲቀር፣ ግፊያው ያው ነው!

የገበያው ታሪክም ደስ ይላል። ድሮ የቅዱስ ኒኮላስ ገበያ ነበር። ከተማዋ ፕሮቴስታንት ስትሆን ሰባኪዎቹ “ስለ ቅዱሳን እንዲህ ያለ በዓል ምንድነው?” አሉ። ነጋዴው ግን ገበያውን አልተወም። በ1570 እ.ኤ.አ. ስሙ ተለወጠና በአካባቢው ቋንቋ “ክሪስትኪንደልስሜሪክ”፣ የሕፃኑ ክርስቶስ ገበያ ተባለ። ስሙ ጀርመንኛ ጀርመንኛ ይላል አይደል? ከራይን ወንዝ ማዶ ጀርመን ናት። ከ1871 እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ ሁለቱ መንግሥታት አካባቢውን አራት ጊዜ ተቀባብለውታል። ሰዉ ዜግነቱን እየለወጠ ገበያውን ግን አልለወጠም።

አንድ ልጨምርላችሁ። እኛ በየቤታችን ጥድ አቁመን በረዶ ይምሰል ብለን ጥጥ የምንበትነው ነገር ከየት መጣ? በ1605 እ.ኤ.አ. የተጻፈ አንድ ማስታወሻ የስትራስቡርግ ሰዎች በየቤታቸው ጥድ አቁመው የወረቀት ጽጌረዳና ፖም ይሰቅሉበት እንደነበር ይናገራል። ስለ ገና ዛፍ ከተጻፉት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ጾም ላይ መሆኔን አትርሱ። ለእነሱ የበዓል ሰሞን ለእኛ የነቢያት ጾም ነው። ያም ያም የሚሸተው ቋሊማ ነው፤ ብስኩቱ በቅቤ ነው፤ ቂጣ የሚመስለው ነገር ላይ ክሬምና የአሳማ ሥጋ አለበት። የተረፈኝ በእሳት ተጠብሶ በወረቀት የሚሸጠው ማሮን ነበር። ልጣጩን እየላጡ ሲበሉት የተቀቀለ ድንች ይመስላል፣ ግን ይጣፍጣል። ትኩስ የፖም ጭማቂም አለ። እግዜር ይስጣቸው!

ይሄን ሁሉ ያየሁት ግን ብቻዬን ነው። እህቴ የለችማ! ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስታ ትወጣለች፤ ማታ ስትመለስ ጫማዋን ማውለቅ ያቅታታል። እግሯ አብጦ። ሆቴል ውስጥ ክፍል ነው የምታጸዳው። በገና ሰሞን ሆቴሉ ጢም ብሎ ስለሚሞላ በቀን አሥራ አምስት ክፍል ይደርሳታል። እናታችን “ሆቴል ውስጥ ትሠራለች” ከማለት በላይ አታውቅም።

አንድ ማታ እግሯን በሙቅ ውኃ እያሸሁላት ያንን ዝነኛ ፎቶ አነሳሁባት።

“እታለም፣ ያ ክሌበር አደባባይ የተነሳሽው ፎቶ እኮ ሳሎን በፍሬም ተሰቅሏል።”

ሳቀች። “ከሥራ ስወጣ በዚያ ነው የማልፈው። አንዷን ቱሪስት አንሺኝ አልኳት፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ካፖርቱን እስከ አንገቴ የቆለፍኩት ለብርዱ እንዳይመስልሽ። ከሥር የሥራ ልብሴ ነው።”

“ገበያውንስ ዞረሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?”

“መቼ? ገበያው ሲከፈት እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። ስወጣ እግሬ እሺ አይልም።”

በዲሴምበር 11 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ማታ በገበያው አካባቢ አንድ ታጣቂ ሰው ላይ ተኩሶ 5 ሰዎች ሞተዋል፣ 11 ቆስለዋል። እኛ ቤት ዜናውን ሰምተን ስልኳን ብንሞክር አይነሳም። እናቴ እስኪነጋ አልተኛችም። በማግስቱ እህቴ ደውላ “ተኝቼ ነበር” አለች። ለካ እንዳይወጡ ተብለው ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ሆቴሉ ምድር ቤት ተቀምጠው፣ ስልኳም ባትሪ ጨርሶ ነበር! ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትነግር ቆየች። ለምን ስላት “እማዬ ደሟ ከፍ ይልባታላ” አለችኝ።

የገናው በግ የሚገዛው በዚያ በተደረበ ፈረቃ ነው። ለእሷ ደሞ ታኅሣሥ 29 ተራ የሥራ ቀን ነው። ፈረንሳይ በእኛ ገና አታርፍም። እኛ ዶሮ ወጥ ስንቆርስ እሷ አንሶላ ትቀይራለች።

ያ የዕቃ ዝርዝር ከኪሴ አልወጣም። እዚያው ቀደድኩት። ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት በነበረው ማክሰኞ እረፍት ነበራትና ጎትቼ ገበያው ውስጥ አዞርኳት። አሥር ዓመት በኖረችበት ከተማ እንደ እንግዳ አፏን ከፍታ አየችው። አንዲት የብርጭቆ ኳስ ለእናታችን ገዛች። “ይሄን ሁሉ ልጽፈው?” አልኳት። “ጻፊው፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ። ለእማዬ ደሞ አንቺው ንገሪያት፤ እኔ አልችልም።”

ነገርኳት። እናቴ ቡናውን አቁማ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ ደረቷ ላይ ያለውን የካፖርት ቁልፍ በጣቷ ዳበሰችው። “ዘንድሮ በግ ይቅር፣ ዶሮ ይበቃናል” አለች። ለገና ስትደውል ብር የሚባል ነገር አላነሳችም። “እግርሽ እንዴት ነው?” ነው ያለቻት። እህቴ በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ምክር ከተባለ ምክሬ ሁለት ዓይነት ነው።

ዕድሉን አግኝታችሁ ለምትሄዱ፦ ቅዳሜና እሁድን ሽሹ፤ የሥራ ቀን ሂዱ። ፀሐይ በእኛ ሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ግድም ስለምትጠልቅ መብራቱን ለማየት መምሸት አያስፈልጋችሁም። ድልድዮቹ ላይ ፍተሻ አለና ትልቅ ቦርሳ አትያዙ። ትኩስ ወይን ስትገዙ ለኩባያው መያዣ ትከፍላላችሁ፤ ስትመልሱ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ካቴድራሉ ውስጥ ያለውን የሥነ ፈለክ ሰዓት እንዳታልፉት። እኩለ ቀን አልፎ በእኛ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሐዋርያቱ በክርስቶስ ፊት ተራ በተራ ሲያልፉ፣ ዶሮውም ሦስት ጊዜ ሲጮህ ታያላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን ዘመድ ካላችሁ አብሯችሁ እንዲወጣ አድርጉ። ብቻውን አይወጣም።

እዚህ ለምትቀሩ፦ ፎቶ ሲላክላችሁ የቆመበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የቆመውን ሰው እዩ። ዓይኑን እዩ። ከምን እንደወጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ “ምን ትልኪልናለሽ?” ብቻ ከሆነ መልሱም ፎቶ ብቻ ነው የሚሆነው። የሚመጣ ሰው ስታገኙ ዝርዝር ከማስያዝ አንድ ኪሎ በርበሬ ወይ ዳቦ ቆሎ አስይዙት። ለእነሱ የገና ገበያ ማለት እሱ ነው።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ቸር እንሰንብት!