የጉልበቴ ባለቤት ማን ነው?

በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተተካው ጉልበቴ ሕመሙ አልለቀቀውም። ከቀብሪበያ ጅግጅጋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ከ600 በላይ ነው። መንገዱስ ይዘለቃል፤ የማይዘለቀው «የገጠመልህ ሐኪም ይይልህ» የሚለው መልስ ነው። የገጠመልኝ ባሕር ማዶ ነው!

እርግጥ ነው፣ ሐኪሞቹ በከንቱ አይሸሹም። ዳግም ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል። ኢንፌክሽን በደም ምርመራና ከመገጣጠሚያው በሚቀዳ ፈሳሽ፣ መላላቱ በራጅ ይጣራል። የተገጠመው ዓይነትና መጠን ካልታወቀ ተስማሚ መለዋወጫ ማዘጋጀት ያስቸግራል። ይህ በቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ይሰፍራል፤ ለእኔ የተሰጠኝ ግን የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ወገኖቼ፣ ስዊድን የጉልበት ቅየራን በአገር አቀፍ መዝገብ መያዝ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እኛም ሕንፃ ስናስመርቅ ይህን መዝገብ አንርሳ። ታካሚም ሰነዱን ሳይቀበል ከሆስፒታል አይውጣ።