ሁለተኛዋ ሟች

ስለ «ወንጀልና ቅጣት» ሲወራ አንዲት ሴት ሁልጊዜ ትረሳለች። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ታሪኩን ባጭሩ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ «አንድ የደኸየ ተማሪ አራጣ አበዳሪ አሮጊት ይገድልና ሕሊናው እረፍት ይነሳዋል» ይላችኋል። የተገደሉት ግን ሁለት ናቸው። በዚያው ቤት፣ በዚያው መጥረቢያ፣ በደቂቃዎች ልዩነት የአሮጊቷ እህት ሊዛቬታም ሞታለች።

ገዳዩ ራሱም ይረሳታል። በታሪኩ አጋማሽ ላይ ራስኮልኒኮቭ በትኩሳት እየቃዠ፣ ሊዛቬታን ጨርሶ እንዳልገደላት ያህል ለምን እንደማያስባት በመገረም ራሱን ይጠይቃል። ወዲያው እንቅልፍ ይጥለዋል። በሕልሙ የምትመጣበት ግን አሮጊቷ ናት። እኔ መጽሐፉን ደግሜ ባነበብኩት ቁጥር የሚያመኝ የሊዛቬታ ሞት ነው። እንዲያውም የደራሲው የዶስቶየቭስኪ ዋና ነገር እሷ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ከተማዋ። ጊዜው 1860ዎቹ፣ ቦታው ሴንት ፒተርስበርግ ነው። የሩሲያ ጭሰኞች እ.ኤ.አ. በ1861 ነፃ ከወጡ በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ዋና ከተማዋ የጎረፈው ሕዝብ ብዙ ነበር። ሴናያ አደባባይ ድርቆሽ የሚሸጥበት ገበያ ነበር፤ ዙሪያው መጠጥ ቤትና ሴተኛ አዳሪ፣ የተሸነሸኑ የኪራይ ክፍሎች፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ስማቸውን የማይተዋወቁ ጎረቤቶች። ዶስቶየቭስኪ መጽሐፉን በሚጽፍባቸው ዓመታት ቤት ተከራይቶ የኖረው ከዚያ አደባባይ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ሞት ተፈርዶበት፣ ሊረሸን አደባባይ ቆሞ ፍርዱ ከተቀየረለት በኋላ፣ በኦምስክ እስር ቤት አራት ዓመት ከነፍሰ ገዳዮች ጋር ኖሯል። አካባቢውንም ሰውንም ያውቃቸዋል። ከራስኮልኒኮቭ ደጃፍ እስከ አሮጊቷ ደጃፍ 730 እርምጃ ነው፤ ልጁ ቆጥሮታል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ግድያው የአንድ ሰው ጭንቅላት ውጤት ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ራስኮልኒኮቭ እህቱ የሰጠችውን ቀለበት አሮጊቷ ጋ መያዣ ካስያዘ በኋላ አንድ መጠጥ ቤት ይገባል። ክፉ ሐሳብ ገና ጭንቅላቱ ውስጥ መቆርቆር እንደጀመረ ነው። አጠገቡ አንድ ተማሪና አንድ ወጣት መኮንን ተቀምጠው ያወራሉ፤ የሚያወሩት ደግሞ ስለዚያችው አሮጊት ነው። ተማሪው እሷን ገድሎ በገንዘቧ ስንቱን ድሃ ማዳን ይቻል ነበር ይላል። መኮንኑ «አንተ ትገድላታለህ?» ሲለው የለም፣ ስለ ፍትሕ ነው የማወራው ብሎ ይመልሳል። ለእሱ ጨዋታ ነው፤ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ያ ወሬ ማን ጆሮ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሠራ ያ ተማሪ እስከ ዕለተ ሞቱ አያውቅም። ይህን ገጽ ሳነብ ሁልጊዜ እደነግጣለሁ፤ እኛም በየካፌው፣ በየታክሲው፣ በየስልካችን ስንቱን ሰው «መጥፋት የሚገባው» ብለን እንፈርዳለን፣ ማን እየሰማን እንደሆነ ሳናውቅ።

ቀጥሎ ሴናያ። አንድ ምሽት ሦስት ሰዓት አካባቢ ራስኮልኒኮቭ ያለ አንዳች ምክንያት መንገዱን አዙሮ በአደባባዩ በኩል ያልፋል። ሊዛቬታ ክርና ጨርቃ ጨርቅ ከሚሸጡ ባልና ሚስት ጋር ቆማ እያወራች ነው፤ ለሆነ ሽያጭ ጉዳይ ነገ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ብቅ በይ ይሏታል። በዚያች ሰዓት አሮጊቷ ቤት ውስጥ ብቻዋን እንደምትሆን ልጁ በዚህ ያውቃል። እግር ጥሎት የሰማት ይህች የሰላሳ ሴኮንድ ወሬ ነገሩን ሁሉ ትቆልፈዋለች። መጥረቢያውንም ቢሆን ካሰበበት ኩሽና ሳይሆን ከግቢው ዘበኛ ክፍል፣ ከአግዳሚ ወንበር ሥር በአጋጣሚ ያገኘዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሆኖም የሊዛቬታን ጊዜ ቀስ ብላችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ። ሰላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ ለእህቷ ሌት ተቀን እንደ ገረድ የምትሠራ፣ በእህቷም የምትደበደብ ሴት። ጥቅሏን በእጇ እንደያዘች ትገባና የእህቷን ሬሳ ታያለች። አትጮህም። ወደ ጥግ ትሸሻለች፤ ከንፈሯ እንደ ሕፃን ልጅ ይንቀጠቀጣል። መጥረቢያው ከራሷ በላይ ሲነሳ እንኳ ፊቷን ለመሸፈን አትሞክርም፤ ባዶውን ግራ እጇን ብቻ ትንሽ ወደ ፊት ዘርጋ ታደርጋለች፣ ራቅ በል ለማለት ያህል። ዕድሜ ልኳን ስትመታ የኖረች ሴት ራሷን መከላከል እንኳ አልለመደችም። ዶስቶየቭስኪ ይህን በጥቂት መስመር አልፎታል፤ ከዚህ የከበደ ገጽ በልብ ወለድ አላነበብኩም።

ከግድያው በኋላ ራስኮልኒኮቭ ታሞ አልጋ ላይ ወድቋል፤ ሰዎች ከበውት ስለ ግድያው ያወራሉ። የቤቱ ሠራተኛ ናስታስያ በመሃል ጣልቃ ትገባና ሊዛቬታ እዚህ ትመጣ ነበር፣ ሸሚዝህንም ጠግናልሃለች ትለዋለች። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርና በቆሸሸው ቢጫ ወረቀት ላይ ካሉት አበቦች አንዷን መርጦ ቅጠሎቿ ስንት እንደሆኑ ማየት ይጀምራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ደራሲው ምንም አይጨምርም። ሸሚዙን የጠገነችለትን ሴት ነው በመጥረቢያ የገደላት፤ ያን ጊዜ አላወቃትም ነበር ማለትም አይችልም፣ ማንነቷን ያውቅ ነበር፤ ሰው ናት ብሎ ሒሳብ ውስጥ አላስገባትም እንጂ።

የራስኮልኒኮቭ ፍልስፍና ሁሉ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በጻፈው ጽሑፍ ሰውን ሁለት አድርጎ ይከፍላል፤ ተራው ብዙኃን አለ፣ እንደ ናፖሊዮን ደም የማፍሰስ መብት ያላቸው ልዩ ሰዎች አሉ። አሮጊቷ ቅማል ናት። ይህ ሐሳብ እንዲቆም ሟቿ ባዕድ መሆን አለባት፤ ታሪክ የሌላት፣ ማንም የማይፈልጋት፣ ከማንም ጋር ያልተገመደች። የዶስቶየቭስኪ ብልሃት ደግሞ ገጽ በገጽ እየገለጠ፣ በዚያች የባዕዳን ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አንድም እንደሌለ ማሳየት ነው።

ራስኮልኒኮቭ የሚናዘዝላትን ሶንያን ውሰዱ። ራስኮልኒኮቭ ወደ እሷ የሚመጣው በአባቷ በኩል ነው፤ መጠጥ ቤት ውስጥ ያገኘው ሰካራም፣ የቀድሞ ጸሐፊ ማርሜላዶቭ ሳይጠይቁት የቤቱን ጉድ ሁሉ ይዘከዝክለታል። በኋላ ሰውዬውን ሠረገላ ሲድጠው በመንገድ ላይ የሚያውቀው ራስኮልኒኮቭ ብቻ ነው፤ ተሸክሞ ቤቱ ያስገባዋል፣ ያለችውን ገንዘብ ለሚስቱ ይሰጣል። ትንሿ ልጅ ፖሌንካ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፤ እሱም በጸሎትሽ አስቢኝ ይላታል። በሰው ደም በታጠበ ማግስት ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሶንያ ቤት ይሄዳል። ኮመዲኖው ላይ አዲስ ኪዳን አለ። ከየት አመጣሽው? ሊዛቬታ ናት ያመጣችልኝ። አብረው ያነቡ ነበር፤ ወዳጆች ነበሩ። መስቀልም ተለዋውጠዋል፦ ሊዛቬታ የመዳብ መስቀሏን ሰጥታታለች፣ ሶንያ ቅዱስ ሥዕሏን። ማተብ ባሰረ ሰው አገር ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ገዳዩ የሟቿን መጽሐፍ ከሟቿ ወዳጅ አፍ እየሰማ ነው፤ የሚነበበውም አልዓዛር ከመቃብር የወጣበት ምዕራፍ።

ልብ ያላልነው ነገር ይህ ነው፤ ሊወጣ ሲል ነገ ከመጣሁ ሊዛቬታን ማን እንደገደላት እነግርሻለሁ ይላታል። አሮጊቷን አላለም። በማግስቱ መጥቶ ሲናዘዝም የሶንያን ፊት ያይና የሊዛቬታ ፊት ይመጣበታል፤ ሶንያም ደንግጣ ግራ እጇን ልክ እንደዚያች ሴት ወደ ፊት ትዘረጋለች። ለአሮጊቷ ክርክር አለው፤ እስከ መጨረሻው ይከራከርባታል። ለሊዛቬታ ግን ምንም መልስ የለውም፣ ስለዚህ ኑዛዜው በእሷ በኩል ይወጣል።

አንዳንድ አንባቢ የመጽሐፉ ግጥምጥሞሽ በዛ፣ ሰው ሁሉ እንዴት እርስ በርሱ ይገናኛል ብሎ ይተቻል። ቅሬታው ይገባኛል። ስቪድሪጋይሎቭ የሚባለው ባለታሪክ የተከራየው ክፍል ከሶንያ ክፍል በአንድ ባዶ ክፍል ብቻ መለየቱ፣ መጀመሪያ ቆሞ አድምጦ ደስ ስላለው ለቀጣዩ ቀን ወንበር አምጥቶ በሩ ሥር ማስቀመጡ፣ እውነት ይመስላል? ለእኔ ይመስላል። በተሸነሸነ ቤት የኖረ ሰው ግድግዳ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያውቃል። ደግሞ ይህ ሰው ወንበሩን ባያመጣ ኖሮ ደራሲው የሚለውን ግማሽ አናገኝም ነበር፤ የሶንያን ሕይወት፣ ያንኑ ሊዛቬታ የነበረችበትን ዓይነት ሕይወት፣ አንድ ሰው በጆሮው ሲሸምተው እናያለን። ባዕድን መስማት ብቻውን ደግነት እንዳልሆነ ይህ ወንበር ያሳያል።

ቀለም ቀቢው ሚኮልካም አለ፤ ያልሠራውን ግድያ ሠራሁ ብሎ በምርመራ መሃል ዘው የሚል። መርማሪው ፖርፊሪ ነገሩን ሊጨርሰው ሲል ማለት ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ይህን ሰው ለሴራ ብቻ ይጠቀምበት ነበር፤ ዶስቶየቭስኪ ግን በመከራ መንጻትን የሚሻ የገጠር ልጅ አድርጎ ሙሉ ነፍስ ሰጥቶታል።

በፍርድ ቤት የተነገረው ነገር ደግሞ እስካሁን ያስጨንቀኛል። ራስኮልኒኮቭ ተማሪ ሳለ በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ጓደኛውን ስድስት ወር ደግፏል፤ ከእሳት ውስጥም ሁለት ሕፃናትን አውጥቶ ራሱ ተቃጥሏል። እነዚህ ተቆጥረውለት ስምንት ዓመት የግዞት ሥራ ተፈረደበት። ያው ሰው ነው። በእሳቱ ፊት ልጆቹ የማን እንደሆኑ አልጠየቀም፤ በአሮጊቷ ደጃፍ ግን የሰው ዋጋ ስሌት ይዞ ቆመ። በመካከላቸው ያለው አንድ ጽሑፍ፣ አንድ የመጠጥ ቤት ወሬና ብዙ ወር ብቻውን በጠባብ ክፍል ተኝቶ ማሰብ ነው።

የመጨረሻውን ክፍል፣ የሳይቤሪያውን ማለቴ ነው፣ ተለጥፎ የመጣ ነው የሚሉ ሐያስያን አሉ። አልስማማም። እስረኞቹ ራስኮልኒኮቭን ይጠሉታል፤ ከእሱ የከፋ ወንጀል የሠሩ ሁሉ። እዚያ ድረስ የተከተለችውን ሶንያን ግን ይወዷታል፣ እናታችን ይሏታል። ገንዘብ አልሰጠቻቸውም፣ የተለየ ውለታም አልዋለችላቸውም። ደብዳቤ ትጽፍላቸዋለች፤ ዘመዶቻቸው ከሩቅ አገር ሲመጡ ዕቃውንም ገንዘቡንም እሷ ጋ ያስቀምጣሉ፤ አታውቃቸውም፣ አያውቋትም። አሮጊቷም በሴናያ ዙሪያ የሰው ዕቃ ተቀባይ ነበረች፤ የእሷ ግን መያዣ ነው፣ ወለድ አለው፣ ቀኑ ካለፈ ዕቃው ይቀራል። ዶስቶየቭስኪ ይህን ክፍል ቆርጦ ቢጥለው ኖሮ ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን የምናይበት ቦታ አይኖርም ነበር።