በራሳችን አፍ



እኛ ከአገና የመጣን ሦስት እጩ መምህራን ነን። ማታ ማታ በማደሪያችን ራፕ እንሞክራለን። አንዱ ጠረጴዛ ይመታል፣ አንዱ በአፉ ምት ያወጣል፣ አንዱ ደግሞ ግጥም ይደረድራል። ግድግዳ የምትጋሩን ጎረቤቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በአንድ የክበብ ምሽት ላይ ግጥማችንን በእዣ ጉራጌኛ ይዘን ቀረብን። ገና ሁለት ስንኝ እንዳልን ከኋላ ሳቅ ተነሣ። የሳቁት ቋንቋውን የማያውቁት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ባልከፋን ነበር፤ የአገራችን ልጆችም ነበሩበት። የቀረውን በአማርኛ እንደ ምንም ጨረስነውና ወረድን። ያን ዕለት ማታ ጠረጴዛችን አልተመታም።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የሳይንስ መምህራችን ስለ ከዋክብት ሲያስተምሩን አንድ ነገር የነገሩን። ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2009 ከመጠቀ በኋላ የከዋክብትን ብርሃን መጨመርና መቀነስ ይለካ ነበር፤ ያም ልኬት ወደ ድምፅ ሊለወጥ ይችላል። ይህን ካስረዱን በኋላ «እናንተ ማታ ጠረጴዛ የምትደበድቡት፣ እስቲ ይህን ስሙ» ብለው ከስልካቸው ሙዚቃ ከፈቱልን። የኮፐርዋየር ሙዚቃ ነበር።

ኮፐርዋየር ሦስት ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካውያን ያቋቋሙት የሂፕ ሆፕ ቡድን ነው። እነሱም ምክሊት ሀደሮ፣ ገብርኤል ቴዎድሮስ እና በርንትፌስ በሚል ስም የሚታወቀው ኤልያስ ፉልሞር ናቸው። ምክሊት አዲስ አበባ ተወልዳ ገና በሕፃንነቷ ከአገር የወጣች ድምፃዊት ናት። ገብርኤል የሲያትል ራፐር ሲሆን፣ ቀደም ብሎ ኪንግዝ ከተባለ ጓደኛው ጋር አቢሲኒያን ክሪዮል በሚል ስም ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ «ላቭወርክ» የተባለውን የግሉን አልበም አውጥቷል። ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ፖርቶ ፍራንኮ በተባለ አነስተኛ የሳን ፍራንሲስኮ አሳታሚ በኩል «ኧርዝባውንድ» የተሰኘውን አልበም አወጡ።

የአልበሙ ታሪክ የሚፈጸመው በ2089 ነው። ሦስት መንገደኞች በጠፈር መርከብ ወደ ምድር መጥተው ኢትዮጵያ ውስጥ ያርፋሉ። ያ መምህራችን የነገሩን የከዋክብት ድምፅም ሙዚቃው ውስጥ ገብቷል።

ለምን በጠፈር መርከብ መጡ? ብለን ተከራከርን። እኛ እንደተረዳነው፣ ሌላ አገር ያደገ ልጅ ወደ ወላጆቹ አገር ሲመጣ ከሌላ ዓለም እንደወረደ ያህል ይሆናል። መልኩ የአገሬው ነው፤ አፉን ሲከፍት ግን ሰው ዞሮ ያየዋል። እነዚህ ልጆች ይህንን እንግድነታቸውን ሳይደብቁ ዘፈን አደረጉት። እኛ ደግሞ በቋንቋችን ተወልደን አድገንበት፣ በአንድ ምሽት ሳቅ ጥለነው ከመድረክ ወረድን።

በእርግጥ ሂፕ ሆፕ ከጥንት ጀምሮ የእኛ ነው አንልም። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ ዲጄ ኩል ሄርክ ሁለት ሸክላ ማጫወቻ ይዞ በጀመረው ጭፈራ እንደተወለደ ይነገራል። ነገር ግን አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ በጭብጨባ ግጥም መደርደርን መስቀል ሲመጣ አገና ውስጥ ያልሰማ ማን አለ? እናቶቻችን ወረቀት ሳይዙ እንግዳውን በግጥም ያወድሱታል፤ ቆጥቋጣ ከሆነም ይነኩታል። ቴዲ ዮም «ጉራጌቶን» በሚለው ዘፈኑ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አጋብቶ አሳይቷል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት አንድ ትንሽ ልጅ የጠየቅነውን በጉራጌኛ መለሰ። መልሱ ትክክል ነበር። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ፈገግ አልንና «በአማርኛ ተናገር» አልነው። ልጁ ተቀመጠ። ልምምዳችንን ጨርሰን እስክንወጣ ድረስ እጁን ዳግመኛ አላወጣም። በዚያ የክበብ ምሽት በእኛ ላይ ሲሳቅ ቶሎ ትዝ ያለን እሱ ነበር። ያን ጊዜ ሳቁን አስቁመን «መልሱ ትክክል ነው፣ ጎበዝ» ማለት እንችል ነበር። አላልንም። ነገ የራሳችንን ክፍል ስንረከብ ብዙ እንደሱ ያሉ ልጆች ይጠብቁናል።

በመሆኑም፣ በዓመቱ መዝጊያ ምሽት ያንን ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእዣ ለማቅረብ ተስማምተናል። ቋንቋውን ለማታውቁ ትርጉሙን አስቀድመን በዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ግጥሙ የሚያስቅ ቦታ አለውና እዚያ ስትደርሱ ሳቁ። ከዚያ በፊት የሚስቅ ቢኖርም እኛ አናቋርጥም።