ስለ ጠባብ አዳራሽና ስለ ትልቅ ጩኸት

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከእኔ የሚጠብቁት ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫ ወይም ስለ ፌዴራሊዝም የሚያትት ጽሑፍ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ስለ ጩኸት ልጽፍ ነው። ጩኸት ስል የፖለቲከኞቻችንን ማለቴ አይደለም። ሦስት ወይም አራት ወጣቶች ጊታራቸውን ከአቅሙ በላይ በተከፈተ የድምፅ ማጉያ ላይ ሰክተው፣ ከሁለት መቶ ሰው በላይ በማይዝ አዳራሽ ውስጥ የሚለቁትን፣ ጋራዥ ፓንክ እየተባለ የሚጠራውን ሙዚቃ ማለቴ ነው። እኔ የዚህ ሙዚቃ አድናቂ ነኝ፤ ያውም ሸክላ የሚሰበስብ፣ ባንዶቹንም በአካል ለማየት ከከተማ ከተማ በባቡር የተንከራተተ አድናቂ።

ይህን የሚሰሙ ወዳጆቼ «በዚህ ዕድሜህ?» ይሉኛል፤ አክብሮት የሚያበዙት ደግሞ «በዚህ ማዕረግዎ?» ይላሉ። በትዝታና በአምባሰል ያደገ ጆሮ እንዲህ ያለውን ሁካታ እንዴት ይወዳል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሴ ግን ከጆሮ አልፎ ሰዎች አብረው ስለሚኖሩበት ሥርዓት የሚናገር በመሆኑ፣ ከዓምዱ ጉዳይ ብዙም አልራቅሁም። (ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እኛ ጋራዥ ስንል ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ መካኒክ ነው የሚታየን። አሜሪካኖች ግን ቃሉን ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዛ ለተሠራች የመኪና ማቆሚያ ክፍልም ይጠቀሙበታል። ቢትልሶች በ1964 አሜሪካን ካጥለቀለቁ በኋላ እጅግ ብዙ ጎረምሶች ርካሽ ጊታር እየገዙ፣ አባት መኪናውን ይዞ ሲወጣ ጠብቀው በዚያች ክፍል ይለማመዱ ጀመር። አብዛኞቹ ሙዚቃ አልተማሩም። ሦስት ኮርድ የቻለ ይዘፍናል፤ ሁለት ብቻ የቻለም አይከለከልም። በዋሽንግተን ግዛት ከምትገኘው ከታኮማ ከተማ የወጡት ሶኒክሶች በ1965 ያወጡት የመጀመሪያ አልበም እስከ ዛሬ የዚህ ሙዚቃ አንዱ መሠረት ተደርጎ ይቆጠራል። ሲሰሙት ከዘፋኙ ጩኸት የተነሣ ማይክሮፎኑ የሚሰነጠቅ ይመስላል።

ከእነዚህ ባንዶች ብዙዎቹ አንድ ሁለት ሸክላ አሳትመው ተበትነዋል። ከመረሳት ያተረፋቸው መንግሥት ወይም ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ አድናቂ ነው። ሌኒ ኬይ የተባለ ጸሐፊና ጊታር ተጫዋች በ1972 «ነጌትስ» በተሰኘ መድብል ሰብስቦ አወጣቸው። ፓንክ የሚለው ቃል ለዚህ ሙዚቃ ከዋለባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱም እርሱ ለዚያ አልበም የጻፈው ማብራሪያ ነው።

ለፖለቲካ ተማሪ ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነው ነው። ሊንክ ሬይ የተባለ ጊታር ተጫዋች የማጉያውን ስፒከር በእርሳስ በስቶ ያገኘውን ሻካራ ድምፅ በ1958 «ራምብል» በተባለ ሥራው አሰማ። ኒው ዮርክንና ቦስተንን በመሰሉ ከተሞች የነበሩ ሬዲዮ ጣቢያዎች ወጣቶችን ለጠብ ያነሣሣል ብለው አገዱት። ልብ በሉ፤ ሙዚቃው ግጥም የለውም! የእኛ ሳንሱር ቢያንስ ሰሙን አንብቦ ወርቁን ያስስ ነበር፤ የእነርሱ ግን ሰም በሌለበት ወርቅ አገኘ። አንዳንድ ጊዜ ሥልጣንን የሚያስፈራው የተነገረው ነገር ሳይሆን፣ ሳይጠየቅ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው መኖሩ ብቻ ነው።

እኔ ይህን ሙዚቃ የተዋወቅሁት አሜሪካ ሳይሆን ሆላንድ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪዬ በቆየሁባቸው ዓመታት ቀን ቀን ከቤተ መጻሕፍት፣ ማታ ማታ ደግሞ በአምስተርዳም ካለች አንዲት አሮጌ አዳራሽ አልጠፋም ነበር። በዚያ አገር እንዲህ ያሉ አዳራሾች ብዙዎቹ የተወለዱት ከባዶ ሕንፃ ነው። ባለቤቱ ዘግቶ የተወውን ሕንፃ ወጣቶች ከፍተው ይገቡበታል፤ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር ካስገቡ እንደ ነዋሪ የሚታዩበት ልማድ ነበር። ይህ አያያዝ በ2010 በወጣ ሕግ ተከለከለ። ቀድመው ከማዘጋጃ ቤት ጋር ተስማምተው ሕጋዊ ከሆኑት ግን ዛሬም በራቸው ክፍት የሆነ አሉ።

አዳራሹን የሚያካሂዱት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። እኔም በሳምንት አንድ ምሽት በር ላይ ቆሜ በሚገባው ሰው እጅ ላይ ማኅተም እመታ ነበር። ማኅተም የነገር ሁሉ መጨረሻ ከሆነበት አገር ለመጣ ሰው፣ ሲነጋ በሳሙና የሚለቅ ማኅተም መያዝ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

የዚያን ምሽት አኳኋን ላላየው ሰው ልንገር። መጋረጃ የለም፤ መድረኩም ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ቢል ነው። ከበሮ መቺው ከበሮውን ተሸክሞ ገብቶ ራሱ ይገጥማል። ከዚያ ሦስት ደቂቃ የማይሞሉ ዘፈኖች እየተባረሩ ይመጣሉ፤ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ያልቃል። ዘፋኟ ማይክሮፎኗን ይዛ ወደ ሕዝቡ ትወርዳለች፤ የረሳችውን ስንኝ ፊት የቆመው ሰው ይጨርስላታል። የጊታር ክር ቢበጠስ ቀድሞ የተጫወተው ባንድ የራሱን ጊታር ያቀብላል። ሲያበቃ ዘፋኟ ጠረጴዛ ዘርግታ ሸክላዋን ራሷ ትሸጣለች፤ ያልጣመህን ዘፈን ፊት ለፊት ትነግራታለህ፤ እርሷም ትመልስልሃለች።

ሙዚቃው ሲጋጋል ከመድረኩ ሥር ያለው ሕዝብ እየተገፋፋ ይዘላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ጠብ ይመስላል። ነገር ግን የትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፦ የወደቀ ሰው ወዲያው ይነሣል። አንድ ምሽት እኔም ተገፍቼ ወደቅሁ። የት እንዳለሁ ሳልረዳ የማላውቃቸው እጆች ከብብቴ ሥር ገብተው አቆሙኝ፤ አንድ ረጅም ጎረምሳ ደግሞ መነጽሬን ከራሱ በላይ አንሥቶ «የማን ነው?» እያለ ይጮህ ነበር። ስለ ማኅበራዊ ውል ባስተማርኩ ቁጥር ያ መነጽር ትዝ ይለኛል። ሆብስና ሩሶ በብዙ ገጽ የደከሙበትን ነገር ያ ልጅ በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር።

በእኛ ፖለቲካ «ጠባብ» ስድብ ነው። ስለ አዳራሽ ከሆነ ግን ጠባብነትን አጥብቄ እደግፋለሁ። በስታዲየም ሃምሳ ሺህ ሰው አንድ ሰው ያያል፤ እርስ በርሱ ግን አይተያይም። በጠባብ አዳራሽ ሁሉም ሁሉንም ያያል። ዛሬ ከታች ሆኖ የሚዘለው ልጅ በሚቀጥለው ወር የራሱን ባንድ ይዞ ይመጣል፤ ዛሬ የሚዘፍነው ደግሞ ያን ዕለት ከታች ይቆማል። ሹመቱ በየተራ ነው። ለመናገር ፈቃድ፣ ለመስማትም ልመና የማያስፈልግበት፣ ሳያምር የጀመረ ሰው የማይሣቅበት ስፍራ ብዙ የለም። ዜግነት በቃል የሚጠና ትምህርት ብቻ ሳይሆን የሚለመድ ነገር ነው ብለን ካመንን፣ የሚለመድበት ክፍል ያስፈልገዋል።

ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1979 ሲመሠረት ማን የትኛውን መሣሪያ እንደሚጫወት የለዩት ዕጣ በማውጣት ነበር። ስሙም የተመረጠው ግድግዳ ላይ በቀለም ለመርጨት ስለሚፈጥን ነው። በዕጣ የጀመረው ባንድ በ2002 ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫወተ፤ በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ደግሞ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ሆላንድ ድረስ ጋበዘ። ከዚያ በኋላ በ2006 «ሞአ አንበሳ»፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» የተሰኙትን አልበሞች አብረው አወጡ።

ጋሽ ጌታቸው ከማዘጋጃ ቤት ባንድ እስከ ፖሊስ ኦርኬስትራ የሠሩ፣ ሽለላንና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ ወስደው በሳክስፎን ያስፎከሩ ሰው ነበሩ። ከዘ ኤክስ ጋር ሲጫወቱ ያየኋቸው በዚያው በሆላንድ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት በእነዚያ ፓንኮች መካከል ቆመው ሳክስፎናቸውን ሲያስጮኹ፣ እንግዳ የሚመስል አንዳች ነገር አልነበረም። ሽለላ የሚያሰማ ሰው ድምፁ እንዲጣፍጥ አይጨነቅም፤ ይሻክራል፣ ይሰበራል፣ ሰሚውንም ከተቀመጠበት ያስነሣል። የወዳጆቼ ጥያቄ መልስ ያገኘው ያን ምሽት ነው። ጆሮዬን ያሳደጉት ትዝታና አምባሰል ብቻ አልነበሩም፤ ቀረርቶም ነበረበት። ጋሽ ጌታቸው በ2016 አርፈዋል፤ ሸክላዎቹ ግን መደርደሪያዬ ላይ ከሶኒክሶች አጠገብ ተቀምጠዋል።

ጠባቡን አዳራሽም ቢሆን ከፈረንጅ መዋስ አያስፈልገንም። አዝማሪ ቤት አለን። በርጩማ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይወረውራል፤ ማሲንቆ የያዘው አዝማሪም ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ሲያሻው ግጥም ሰጪውን ራሱን መልሶ ይሸነቁጠዋል። ማን ተጫዋች ማን ተመልካች እንደ ሆነ ይደባለቃል። ከዘ ኤክስና ከጋሽ ጌታቸው ጋር በመድረክ የተወዛወዘው መላኩ በላይ ለዓመታት ያስተዳደረው ፈንዲቃም ካዛንቺስ ውስጥ ከነበሩት አዝማሪ ቤቶች አንዱ ነበር።

እንዲህ ያሉ ክፍሎችን የሚገድላቸው ምንድን ነው? እኛ አንዱን ገዳይ በሚገባ እናውቀዋለን። የእኔ ትውልድ ልጅነቱን ያሳለፈው በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነው። ሙዚቃ በሬዲዮ ነበር፣ በቴሌቪዥንም ነበር፤ ሰዎች ማታ ተሰብስበው ፊት ለፊት የሚሰሙበት ሌሊት ግን ተወስዶ ነበር። ሁለተኛው ገዳይ ወታደር አያሰማራም፤ ኪራይና ዶዘር ይበቁታል። በኒው ዮርክ እነ ራሞንስን ያፈራው ሲቢጂቢ የተባለው ክለብ በ1973 የተከፈተው ደሃና ቤት አልባ በሚበዛበት ጎዳና ላይ ነበር፤ እዚያ መከፈት የቻለውም ኪራዩ ርካሽ ስለ ነበረ ነው። ሰፈሩ ሲያምርና ሲወደድ በኪራይ ክርክር ምክንያት በ2006 ተዘጋ። ፈንዲቃን ያቀፈው ካዛንቺስም በ2024 በኮሪደር ልማት ፈርሷል።

«ታዲያ ጥቂት ሰዎች የሚያመሹበት ጠባብ ቤት ፈርሶ ሰፊ መንገድ ቢሠራ ምን ይጎዳናል?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ሰፊ መንገድ አልጠላም፤ በእግሬ ስሄድ ጭቃ የማይረጨኝ መሆኑን እወደዋለሁ። ነገር ግን መንገድ በዕቅድ ይሠራል፤ ጠባብ አዳራሽ በዕቅድ ሲወለድ አላየሁም። የሚወለደው ማንም በማይፈልገው፣ ኪራዩ በማይከብድ፣ ጎረቤቱ በሚታገሥ ጥግ ነው። ሀብቷ ሦስት ኮርድ ብቻ የሆነ ልጅ የመስታወት ሕንፃ ምድር ቤት ተከራይታ አትለማመድም። ከተማ ጥጎቹን ሁሉ ሲያጸዳ፣ ገና ስም ያልወጣለትን ነገር አብሮ ይጠርጋል፤ ያልተወለደ ነገር ደግሞ ካሳ አይጠየቅለትም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየወረዳው ለስብሰባ ብቻ የሚከፈቱ አዳራሾች አሉ። በቀበሌ ኪነት ዘመን ብዙ ድምፃውያን የጀመሩት በእንዲህ ያሉ አዳራሾች ነበር፤ ያን ጊዜ የሚዘፈነውን የሚመርጠው መንግሥት መሆኑ ነው ችግሩ። አሁን ቁልፉን ብቻ ሰጥተን የዘፈኑን ምርጫ ለልጆቹ ብንተው ምን ይመስላችኋል? የሳምንት ሁለት ምሽት ይበቃቸዋል። በዩኒቨርሲቲዎቻችንም እንዲሁ። የማስተምራቸው ልጆች ብልሆች ናቸው፤ ነገር ግን ጥያቄያቸው እስኪያምር፣ እንግሊዝኛቸው እስኪቃና እየጠበቁ ሴሚስተሩ ያልቅባቸዋል። ሳያምር መጀመርን፣ ሰው ፊት መሳሳትን፣ የወደቀን ማንሣትን ከእኔ ሌክቸር እንደማይማሩት አውቃለሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ የተሰበረ ማጉያና ሃምሳ እኩዮች ቢያገኙ ግን በአንድ ወር ይማሩታል።

ጎረቤቶች እንደምትማረሩ ይገባኛል። ለጊዜው ጥጥ አዘጋጁ።

ቸር እንሰንብት።