ዳማው ምን ነካው?

ባለፈው ጥምቀት ቦሩ ሜዳ ላይ የአጎታችን ዳማ ፈረስ መጨረሻ ወጣ። እኛ ጋላቢውን አማነው (ምስኪን!)። አጎታችን ደግሞ «ቡዳ በልቶት ነው» ብለው ክታብ አሰሩለት።

በኋላ ከንፈሩን ገልበጥ አድርገን ድዱን ብናየው፣ ሮዝ መሆን ሲገባው ነጥቷል። ለካ ደም አንሶታል! ደም ካነሰ ለጡንቻው ኦክስጅን ማን ያድርስለት? ከምንጭ ሲጠጣ አልቅት ገብቶበት እንደሆነ ብለን አፉንና አፍንጫውን ፈተሽን፤ የለም። ደሙንና ፋንድያውን ይዘን ኮምቦልቻ ወረድን፣ ወደ እንስሳት ላቦራቶሪው። የጤነኛ ፈረስ ደም ሲሦው ገደማ ቀይ የደም ሴል ነው። የኛው 21 በመቶ! ፋንድያው ደግሞ በትል እንቁላል ተሞልቷል። ለካ ስንቀልብ የከረምነው ደም መጣጩን ትል ኖሯል።

የትል መድኃኒቱን ወስዷል፤ ደም እስኪተካ ግን ሳምንታት ይፈጃል ተባልን። አጎታችን ክታቡን አልፈቱም። ጋላቢው እስካሁን አኩርፎናል።